የድምፅ ደብተሬ

በቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲሰማ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይነሳል። በደርግ ዘመን ይኼን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ችግሩ የእኔ ግራ እጅ ሥራ መያዙ ነበር። ቀኝ እጄ ቀኝ ጆሮዬን፣ ግራ እጄ ግራ ጆሮዬን ደፍኗል፤ ሦስተኛ እጅ ደግሞ አልተሰጠኝም። ድምፅ ማጉያው ያንባርቃል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሁሉንም ተቀብሎ መልሶ ጭንቅላቴ ላይ ይጥለዋል። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ላይ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«አንቺ! ግራ እጅሽ የት አለ?»

«ጆሮዬ ላይ ነው» አልኩት።

ጠየቀኝ፣ መለስኩ፤ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴ ግን ገብቷታል፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ቤት ስንገባ በሩን ቆልፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። በሁለተኛው ሳምንት ቀበሌ ተጠርቼ ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ። ሌላ ጊዜ ከተደገመ ጉዳዩ «ወደሚመለከተው ክፍል» እንደሚተላለፍ ተነገረኝ። የሚመለከተው ክፍል ምን እንደሆነ እንኳን ሰው የጎረቤት ድመት ያውቅ ነበር።

አሁን የነገሩን ስም አውቀዋለሁ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አስተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ «አክስቴ፣ ያንቺ ነገር ኦቲዝም ይባላል» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ ሌላ ስም ሲሰጡት ኖረዋል፤ ኩርፊያ፣ ትዕቢት፣ ነርቭ፣ አንዳንዶቹም ዛር። ጠበል ሦስት ቦታ ተወስጃለሁ። ውኃው አልከፋኝም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው። የከፋኝ አጠገቤ የሚጮኸው ሕዝብ ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት አምልጬ ስሮጥ «ይኸው ጋኔኑ ሸሸ!» ብለው እልል አሉ። ጋኔን አልነበረም፣ እኔ ነኝ የሸሸሁት።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቤቷም ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ ብፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጫቀጫል። የእህቴ ልጆች አውሮፕላን ለማየት ወደ ደጅ ሲሮጡ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላኝ ሴት! ከአልጋው ሥር ያወጣኝ ደብተር ነው። አንድ ቀን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የአውሮፕላኑን ድምፅ ከነሰዓቱ ጻፍኩት። ወዲያው ቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ድምፅን ከጻፍኩት እንደሚያልቅልኝ ነው። ካልጻፍኩት ግን ውስጤ ገብቶ ቁጭ ይላል፤ በሌላው ላይ ሌላው ይጨመርና ማታ ላይ ሰው መሆኔን እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ፤ አንድም ሳልዘል። መዝለል አልችልም።

ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ስወጣ፣ ገና ከቀበሌው በር ሳልርቅ፣ ወሰንኩ። ከዚህ ከተማ እወጣለሁ። በሚቀጥለው እሑድ አዳራሽ ብገባ እጄ ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፤ እጄን ማዘዝ አልችልም፣ እግሬን ግን አዝዘዋለሁ።

በየጠዋቱ ወተት የሚያመጡልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አህያቸውን እየነዱ ከአራብሳ ነው የሚመጡት። አራብሳ ስል ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የሚታየው ሰው ይኖራል፤ ያኔ ግን ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ገጠር ነበር፤ ከቦሌ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ሽማግሌውን የምወዳቸው ወተቱን ቀድተው፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ስለሚሄዱ ነው። እንደ ሌላው ሰው ጉንጬን ይዘው አራት ጊዜ አይስሙኝም፤ «ምነው ዝም አልሽ?» አይሉኝም። በማግስቱ ደጅ ጠበቅኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎ አገር ድምፅ አለ?»

መቅጃውን እንደያዙ አሰቡ። «ሰው ካልሞተ የለም» አሉ።

«ሰው ቶሎ ቶሎ ይሞታል?»

«ኧረ እኛስ አልቸኮልንም!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የምር ነበር የጠየቅሁት። የሟች እናታቸው ጎጆ ባዶዋን እንደቆመች እዚያው ነገሩኝ፣ እዚያው ተከራየኋት።

እህቴ ስትሰማ ጉድ ፈላ። «ሞቼ እገኛለሁ!» አለች። «ሴት ልጅ ብቻዋን ገጠር? መብራት የለ፣ ቧንቧ የለ፣ ሐኪም የለ!»

«ድምፅ ማጉያም የለም» አልኳት።

«ጅብ ቢበላሽስ?»

«ጅብ ስብሰባ አይጠራም።»

ተቀየመችኝ፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ግን ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች፤ «ነርቭ ነው፣ ጭር ያለ ቦታ ትረፍ» የሚል ወረቀት አስጻፈች። ያንን ይዛ ቀበሌው መሸኛ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ደጅ ጠናች። ያለ መሸኛ ከቀበሌ ወጥቶ ሌላ ቦታ መኖር አይቻልም ነበር። ሊቀመንበሩ «ለጤናዋ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን ሲመታ ደስታውን አልደበቀም። በዚያው ስሜን ከመዝገብ ሰረዘው፤ የስኳርና የዘይት ካርዴንም ቀማኝ። ከእንግዲህ ብመለስ እንደ አዲስ እሱ ፊት መቆም አለብኝ ማለት ነው። አልመለስም አልኩ።

በመስከረም አጋማሽ አራብሳ ገባሁ። ኑሮዬ ጥልፍ ነው፤ አንድ የሴቶች ማኅበር ክርና ሸማ ይሰጠኛል፣ ጠልፌ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ በእግሬ ቦሌ ወስጄ አስረክባለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መሸኛዬን ሦስት ጊዜ አገላብጦ አየና «እስከ መኸር ተቀመጪ፤ እህል ከገባ በኋላ ጉባኤው ይወስናል» አለኝ። ልቆይ ወይስ ልባረር፣ በጥር ይለያል። እስከዚያው ምንም እንዳላጠፋ ለራሴ ማልኩ።

አቤት የዚያ አገር ዝምታ! እውነቴን ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጠዋት አውራ ዶሮ፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ በሬ፣ ከዚያ እንደገና ነፋስ። ደብተሬ ላይ አንድ ሙሉ ቀን በግማሽ ገጽ አለቀ። ከሁሉ የገረመኝ ሰዎቹ ናቸው። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ በዝምታ ውኃቸውን ይቀዳሉ። ሳልፍ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ማንም አያቅፈኝም፣ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፣ ልጆች እንኳ ሲያዩኝ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ለእህቴ በደብዳቤ «የገጠር ሰው እንዴት ጨዋ ነው! እንደኔ ያለው ሰው እዚህ ኖሯል እኮ» ብዬ ጻፍኩላት። ሞኝነቴ!

ሁልጊዜ ደጃፌ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠልፋለሁ፤ ድምፅ ሲመጣ መርፌዬን ሸማው ላይ ሰክቼ፣ ሰዓቴን አይቼ እጽፋለሁ። የሽማግሌው ባለቤት፣ እማማ የምላቸው፣ አንዳንዴ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዩኛል። ቀና ስል ይሄዳሉ። እሳቸውንም ወደድኳቸው።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ዓርብ ከቦሌ ስመለስ የተለመደውን መንገድ ትቼ በባሕር ዛፉ በኩል፣ ከመንደሩ ጀርባ መጣሁ። ከዛፎቹ ሳልወጣ ሰማሁት። መጀመሪያ ለቅሶ መሰለኝ። አይደለም። ሴቶች አውድማው ዳር ተሰብስበው ጤፍ እያበጠሩ ነው። ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፤ አንዷ የባሏን አነጋገር እየቀዳች ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። ወንዶቹ በሬ እየነዱ እህሉን ሲያበራዩ ይዘፍናሉ። ከማዶ ኮረብታ አንዱ ይጣራል፣ ከወዲህ ሌላው «ወዬ!» ይላል። ልጆች ይንጫጫሉ። ወይ ጉዴ! ይኼ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ? ከቀበሌው አዳራሽ አይተናነስም።

ከዛፎቹ ወጣሁ። አንዲት ሴት አየችኝ፤ ሰፌዷን ይዛ ቀረች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ቁልፉን እንዳዞሩበት ሬዲዮ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። በሬዎቹ ብቻ ይራመዳሉ። በመካከላቸው አለፍኩ፤ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። የዘገየ ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ ሰው በዓይን የሚነጋገረው አይገባኝም። ግን ይኼ በዓይን አልነበረም፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሦስት ወር ሙሉ የኖርኩበት ዝምታ የአገሩ ዝምታ አልነበረም። እኔ ስደርስ የሚመጣ፣ እኔ ስሄድ የሚሄድ ነው። ደብተሬን አወጣሁና ወደ ኋላ አነበብኩ። ሩቅ ያሉ ድምፆች ሁሉ አሉ፤ ቅርብ ያለ የሰው ወሬ ግን አንድም የለም። እንዴት አላየሁትም!

ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እማማም አሉ። ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም።

«አባባ፣ ሰዎቹ ለምንድነው እኔን ሲያዩ ዝም የሚሉት?»

እማማ እሳቱን መቆስቆስ ያዙ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ?»

«ሌላ ነገር አይንገሩኝ።»

«ከቦሌ መጣሽ። ባል የለሽ፣ መሬት የለሽ፣ ዘመድ የለሽ። ሰው ዓይን አታዪም። ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጠሽ ሰዓት እያየሽ ትጽፊያለሽ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ደግሞ ወደ ከተማ ትሄጃለሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዉ ጆሮ ጠቢ ነሽ ይላል። መንግሥት ነው የላከሽ ይላል።»

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ሥር ደግሞ ንዴት። እኔ! ግራ እጄን አላነሳሁም ተብሎ የፈረምኩት ሴትዮ! ከመንግሥት ሸሽቼ መጥቼ መንግሥት ሆኜ ቁጭ!

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ ወተት ሳመጣልሽ አውቅሽ ነበር» አሉ፤ ግን መሬት እያዩ ነው ያሉት።

ተነሥቼ ወጣሁና ደብተሬን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ያንብቡት» አልኩ። ሽማግሌው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው ፊደል የቆጠሩት፤ ሰርተፊኬታቸው ግድግዳው ላይ አለ። ደብተሩን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱ፣ ጣታቸውን ከሆሄያቱ ሥር አደረጉና ጀመሩ።

«አው... ራ... ዶ... ሮ። ነ... ፋስ። ነ... ፋስ። ው... ሻ፣ ሩቅ። ነ... ፋስ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ለምን?»

«ካልጻፍኩት አያልቅልኝም።»

እማማ ከእሳቱ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት። ሽማግሌው ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። ገጽ ገለጡ። ገለጡ። ከዚያ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ፦ «ሐሙስ፣ ጎህ ሳይቀድ። ሦስት የተጫኑ አህዮች፣ ወደ ኮተቤ። አንዱ የኋላ እግሩን ያነክሳል።»

«የሚያነክሰው የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። እህሉን በኮታ፣ በመንግሥት ዋጋ ማስረከብ ግዴታ ነበር። ሰዉ ግን ለልጆቹ ልብስና ለጨው የሚሆነውን ያህል ጤፍ ሸሸግ አድርጎ፣ ኬላውን ዞሮ ለኮተቤ ነጋዴ ይሸጣል። ከተያዘ እስር ነው። እኔ ደግሞ ከነሰዓቱ፣ ከነአህያው እግር ጽፌዋለሁ። ደብተሩ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ሰባት ቦታ ነበር።

«ይቺን ገጽ ቅደጂልኝ፣ ልጄ።»

«አልቀድም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ፤ ግን እውነቴን ነበር። ደብተሬ ከጎደለ እኔም እጎድላለሁ፤ እንዴት እንደማስረዳቸው አላውቅም። «ማንም አያነበውም፣ አባባ። እምልልዎታለሁ።»

«እኔ አነበብኩት አይደለም እንዴ?» አሉና ደብተሩን መለሱልኝ። እስከ በር አልሸኙኝም።

ጉባኤው የተጠራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አገሩ በሙሉ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ገባ። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ ከኋላ ቆምኩ። የኔ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ነበር። ግን ገና ሳይጀመር የላንድሮቨር ድምፅ መጣና ከወረዳ አንድ ካድሬ ገባ፤ ሰማያዊ ካኪ የለበሰ፣ ገና ወጣት ሰውዬ፣ ከኋላው ሁለት ታጣቂ። ኮታው ጎድሏል አለ። ከዚህ መንደር ጤፍ በጨለማ እንደሚወጣ መረጃ አለን አለ። ማን እንደሆነ ካልተነገረኝ ሊቀመንበሩን ይዤ ነው የምሄደው አለ። ሰዉ መሬት መሬቱን ያያል።

ካድሬው ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ በቀሚሴ የከተማ ሰው መሆኔ ያስታውቃል። «ይቺ ማን ናት?»

ሊቀመንበሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። በኋላ እንደነገረኝ፣ የምንተዋወቅ መስሎት ፊታችንን ሊፈትን ነበር። «ከቦሌ የመጣች ናት፣ ጓድ። የምትሰማውን ሁሉ ትጽፋለች» አለ።

«ትጽፋለች?» ካድሬው ፊቱ በራ። «ጎበዝ! ደብተርሽ የታለ፣ ጓዲት?»

ደብተሬ ብብቴ ሥር ነው፤ ያለሱ ሰው መሃል አልገባም። ተቀብሎ ገለጠው። የእኔ ጽሕፈት ወረቀት ለመቆጠብ የደቀቀ ነው፤ ሰዓቱም በግዕዝ ቁጥር። ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እንደ ሽማግሌው ፊደል በፊደል ለመቁጠር ትዕግሥት አልነበረውም። ተናደደ። «ይኼ ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው? በይ አንቺው አንብቢው። ከመጀመሪያው!»

ከመጀመሪያው አለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ሰኞ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ አውራ ዶሮ፣ ሁለት ጊዜ። አሥራ ሁለት ከሰባት፣ አውራ ዶሮ፣ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ዶሮ። አሥራ ሁለት ከሩብ፣ ነፋስ። አሥራ ሁለት ተኩል፣ ነፋሱ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ በሬ። አንድ ከአሥር፣ ያው በሬ።»

«ወደ ዋናው ነገር ግቢ!»

«ዋናው ይኼ ነው። አንድ ከሩብ፣ ዝንብ።»

ከአዳራሹ ጥግ አንድ ሰው አፍንጫውን እንደያዘ «ፍፍፍ» አለ። አላቆምኩም። ማንበብ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፤ በዚያ ላይ ሰው ፊት አቁሞ የያዘኝ የደብተሩ መስመር ብቻ ነው። ማክሰኞን ጨረስኩ። ረቡዕን ጨረስኩ። ካድሬው ሰዓቱን አየ። «የሰው ነገር የለውም?» አለ። «አለው፣ ይመጣል» አልኩና ቀጠልኩ። «አራት ሰዓት ከሃያ፣ ሰው ሳለ፣ ሦስት ጊዜ።» አሁን የሴቶቹ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጨምረዋል። እኔን አላሳቀኝም። ገጾቹ እየቀነሱ ሐሙስ እየቀረበ እንደሆነ የምናውቀው እኔ፣ ሽማግሌውና እማማ ብቻ ነን።

ሐሙስ ደረሰ። ጣቴ ከመስመሩ ሥር ገባ። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እማማ እጃቸውን ይዘዋል። በሕይወቴ አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም። የአደባባይ ጽሑፍ ሳነብ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳነብ፣ የማያስፈልገኝን ሳነብ እንኳ አልዘልም፤ የዘለልኩት ነገር ሰውነቴን ይበላኛል። አዳራሹ እየጠበቀኝ ነው።

ዘለልኩት።

«ሐሙስ» አልኩ፤ «ነፋስ፣ ከምሥራቅ።»

ቀጠልኩ። ሰባቱንም መስመር፣ አንድ በአንድ፣ ጣቴን ከሥራቸው አሳልፌ ዘለልኳቸው፤ በዘለልኩ ቁጥር አንድ ነገር ከሆዴ የተነቀለ ያህል አመመኝ። ካድሬው አዛጋ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«በቃ! በቃሽ!» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጤነኛ ናት?»

«ለጤናዋ ነው የመጣችው፣ ጓድ። ከቀበሌዋ ደብዳቤ አላት፤ ላሳይህ?»

አልፈለገም። ስለ ኮታው ትንሽ ዛተ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ቀን ሰጠ፣ ሊቀመንበሩንም ትቶት ሄደ። መኪናዋ ኮረብታውን እስክትሻገር አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ሳቅ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ! ሽማግሌው እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ «ዝንብ! ዝንብ አለችው እኮ!» ይላሉ። ያ ሁሉ ድምፅ በአንዴ መጣብኝ፤ ዓይኔ ጨለመ፣ ግድግዳ ይዤ ቁጢጥ አልኩ።

እማማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሳይነኩኝ። ከዚያ ዞረው «ዝም በሉ! ልጅቷን ገደላችኋት!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ያኔ ተነሣሁ። ሊቀመንበሩ የኔን ጉዳይ እንዳነሣ፣ እጅ ሳይወጣ በፊት፣ መናገር እፈልጋለሁ አልኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ግድግዳውን እያየሁ ተናገርኩ።

«እኔ ድምፅ ያመኛል። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት፤ የላከኝ የለም። እናንተ ዝም ስትሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መፍራታችሁን አላወቅሁም። ቦሌ እኔ እፈራ ነበር፤ ፍርሃት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለውን ዝምታ አልፈልገውም። እንድቀመጥ ከፈቀዳችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ እኔ ስመጣ ዝም አትበሉ። እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ፣ እናንተ አውሩ።»

ጉባኤው አስቀመጠኝ። ስንት እጅ እንደወጣ አላየሁም፤ ግድግዳውን እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምንጭ ወረድኩ። ገና ከሩቅ ይሰማኛል፤ ሁለት ሴቶች በተራ ተጣልተዋል፣ አንዷ የሌላዋን አማት እያነሣች ትሰድባለች፣ የቀሩት ያራግባሉ። ደረስኩ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ተሳዳቢዋ ወደ ባላንጣዋ ዞራ ካቆመችበት ቀጠለች፤ እንዲያውም ድምፅዋን ጨመረች። እንስራዬን አስቀምጬ፣ ሁለት ጆሮዬን ደፍኜ ተራዬን ጠበቅሁ። ያን ቀን ከምንጭ ስመለስ ራሴን ፈልጦኝ እስከ ማታ ተኛሁ። የሚፈራኝ ሰው ግን አልነበረም።